ስድስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ

እናንተዬ፣ ዛሬ ስለ መብራት ታሪፍ ላወራችሁ ነው። ኧረ ገጹን አትግለጡት! እኔም እኮ በፊት «ታሪፍ» የሚል ቃል በሬዲዮ ስሰማ ጣቢያ የምቀይር ሰው ነበርኩ። አሁን ግን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንኳ ስለ ኪሎዋት ካላነሳሁ ያቅበጠብጠኛል። ባለቤቴ ስንዱ «ባሌን ልኬ ቆጣሪ አንባቢ ተቀበልኩ ማለት ይሄ ነው» ትላለች። እንዴት እንዲህ ሆንኩ? ነገሩ የጀመረው ከጫጩት ነው።

የምንኖረው ሰበታ፣ ኦቦ ቶሎሳ ግቢ ውስጥ ነው። ኦቦ ቶሎሳ አከራያችን ናቸው። ዱሮ ጤፍ የሚዘሩበት መሬታቸው ላይ ከተማው መጥቶ ሲቀመጥባቸው ጤፉን ትተው ቤት መዝራት ጀመሩ። በመስመር ዘሩና በመስመር በቀልን፤ ስድስት አባወራ ነን። ሽንት ቤት አንድ፣ ቧንቧ አንድ፣ ቆጣሪ አንድ። ሽንት ቤቱ በር ላይ እንተዛዘባለን፤ ቧንቧው ጋ እንጣላለን፤ ቆጣሪው ግን ያስማማን ነበር። ሂሳቡ ሲመጣ ለስድስት ማካፈል ነው። ማን ምን ያህል እንደበላ የሚያውቅ ስለሌለ ተዋደን እንኖር ነበር። እኔ እንደውም የግቢያችን ፍቅር ምንጩ ድንቁርና ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ዘይነባ ሳጥን ይዛ መጣች። ዘይነባ ከእኛ ክፍል ቀጥላ ያለችው ጎረቤታችን ናት፤ የጨርቅ ንግዱ ቀዘቀዘባትና ያላትን ሁሉ አራግፋ የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን ገዛች። ማሽን ስላችሁ አውሮፕላን እንዳይመስላችሁ። ትልቅ የልብስ ሳጥን የምታክል፣ ሆዷ ውስጥ እንቁላል የተደረደረባት፣ አምፖሏ እየበራ እየጠፋ እናት ዶሮ ነኝ የምትል ነገር ናት። ዘይነባ ከውስጧ የወጡትን ጫጩቶች ተፍኪ ድረስ እየወሰደች ትሸጣለች። ሳጥኗን ሰው ወዷት ነበር። እኔ በተለይ ስራ ስፈታ እየሄድኩ በመስታወቷ አያለሁ። ስራዬ መንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ውስጥ ቲዎሪ ማስተማር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስለማይንቀሳቀስ መኪና ሳወራ የዋልኩ ሰው፣ ማታ የሚንቀሳቀስ እንቁላል ማየቱ ያዝናናኛል።

ከዚያ የመብራት ሂሳብ መጣ። በሚቀጥለውም ወር ይባስ ጨምሮ መጣ። ኦቦ ቶሎሳ ሁላችንንም ግቢው መሃል ሰበሰቡን።

«ያቺ ሳጥን ናት የምትበላን» አሉ፣ በከዘራቸው የዘይነባን በር እያመለከቱ።

«ኦቦ፣ እሷ እኮ የአምፖል ያህል ነው የምትበላው» አለች ዘይነባ።

«አምፖል ከሆነች ሂሳቡ ምን ነክቶት ነው እሷ ከመጣች ወዲህ እንደ በቆሎ የሚመዘዘው?»

ሁሉም ዘይነባን አየ። እውነቱን ለመናገር እኔ ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ከማሽኗ የባሰ ሆዳም ነው፤ ግን ምድጃው ነባር ተከራይ ነው፣ ሳጥኗ አዲስ ገቢ ናት። ጥፋት ሲፈለግ የሚጠየቀው አዲስ ገቢ ነው።

«በወሩ መጨረሻ ትውጣልኝ» አሉ ኦቦ ቶሎሳ።

«እሷ ከወጣች እኔም ወጣሁ ማለት ነው፣ ኦቦ» አለች ዘይነባ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «ሌላ እንጀራ የለኝም።»

ግቢው ዝም አለ። ዝምታ ደግሞ የእኔ ጠላት ነው። ሰው ዝም ሲል እኔ መናገር አለብኝ፤ በሽታ ነው።

«ኦቦ፣ ማሽኗ ምንም አላደረገችም። የጨመረው ታሪፉ ነው!» አልኩ።

«ታሪፉን ማን ነው የሚጨምረው?»

«መስሪያ ቤት አለው።»

«አንተ ታውቃቸዋለህ?»

እዚህ ላይ ማንም ጤነኛ ሰው «አላውቃቸውም» ይላል። እኔ ግን «እንዴታ!» አልኩ። «ሄጄ አናግራቸዋለሁ። እኔን ሰምተው የማይቀንሱ ከሆነ ምላሴን ይቁረጡት!»

ስንዱ ከኋላዬ «አደራ፣ ይቁረጡት» ስትል ሰምቻለሁ።

ኦቦ ቶሎሳ ፈገግ አሉ። «ቶሌ። እሺ። ታሪፉን አስቀንሰህ ከመጣህ ሳጥኗ ትቆያለች። ካላስቀነስክ ትወጣለች።» ከዘራቸውን አንስተው ገቡ። እንግዲህ የአንዲት ሴት እንጀራ ምላሴ ላይ ተንጠለጠለ፤ ምላሴ ደግሞ ከዚያ በፊት ከባድ ነገር ተሸክሞ አያውቅም።

አምላክ ቀልደኞችን ይወዳል መሰለኝ፣ በዚያው ሰሞን ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በሰፈራችን አለፈች። በኤሌክትሪክ ታሪፍ ማሻሻያ ሐሳብ ላይ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ነዋሪዎች ጋር ውይይት ስለሚደረግ ማንኛውም ደንበኛ እንዲገኝ ትጣራለች። ስሰማ ከአልጋዬ ላይ ዘለልኩ። በቃ እኔን ነው የጠሩት! የሰርጌን ሱፍ አወጣሁ። ሱሪው ከወገቤ ጋር ለዓመታት ሲኮራረፍ ቆይቶ ነበር፤ በመርፌ ቁልፍ አስታረቅኳቸው። ንግግሬን ደግሞ ዘይነባ ለእርባታ ባስቀረቻቸው ዶሮዎች ፊት ተለማመድኩ። አንዷ አንገቷን ሰበቅ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ አድማጭ አላገኘሁም።

ያኔ ልተወው ስችል አንድ ቂልነት ጨመርኩበት። ዘይነባን «አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አልኳት።

«ጋሼ፣ እንቁላሎቼ ዛሬ ነገ ሊፈለፈሉ ነው። አንዳንዶቹ ቅርፊታቸውን መሰንጠቅ ጀምረዋል። ጥያቸው እንዴት እሄዳለሁ?»

«አንቺ እኮ ሕያው ማስረጃ ነሽ! ቁልፉን ለስንዱ ስጫት። ምን ይሆናሉ?»

«መብራት ቢጠፋስ?»

«በዛሬ ቀን? ስለ መብራት ስብሰባ በተጠራበት ቀን? ኧረ ዘይነባ፣ እነሱም እኮ ሰው ናቸው፣ ያፍራሉ!»

አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊት ለፊት ክራቫት ያሰሩ የፋብሪካ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ውሃቸው በየፊታቸው ተደርድሯል። በሩ አጠገብ ካለው የመጨረሻ ረድፍ ላይ «አነስተኛ ደንበኞች» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እኔ ስቀመጥበት ወንበሩ ተንቋቋ፤ አስተናጋጇ ወረቀቱንና ሆዴን አፈራርቃ አየች።

መጀመሪያ ታሪፉን ከሚያጠናው መስሪያ ቤት የመጣች መነጽር ያደረገች ወጣት ባለሙያ ማብራሪያ ሰጠች። እንቅልፍ ጠብቄ ነበር። ወገኖቼ፣ ምን እንቅልፍ! ወንበሬ ጫፍ ላይ ደረስኩ።

«መብራቱን የሚሸጠው ድርጅት ወጪውን ደምሮ ይህን ያህል ዋጋ ያስፈልገኛል ብሎ ያመለክታል» አለች። «እኛ እንዳለ አንቀበለውም። የትኛው ወጪ የግድ ነው፣ የትኛው የራሱ ብክነት ነው ብለን እንበጥራለን። የእሱን ድክመት እናንተ መክፈል የለባችሁም። ከዚያ ደግሞ እንዲህ ለእናንተ አቅርበን ሐሳባችሁን እንሰማለን። ውሳኔው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።»

አያችሁ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ሰውዬ ጠዋት ተነስቶ ቡናውን ፉት እያለ «ዛሬ ደግሞ ልጨምርባቸው» የሚል ነበር የሚመስለኝ። ለካ በግ ተራ አብራህ እንደምትወጣ አክስት ያለች መስሪያ ቤት አለችን! ሻጩ ዋጋ ጠርቶ ሲጨርስ የበጉን ላት ጨበጥ አድርጋ «ይሄማ ፀጉር ነው እንጂ ሥጋ አይደለም» የምትል! ደስ አለኝ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ክራቫቶቹ ዞረው አዩኝ።

«ለቤት ደንበኞች ዋጋው በእርከን ነው» ቀጠለች። «ጥቂት የሚጠቀም ቤት ታችኛው እርከን ላይ ስለሚሆን ረከስ ያለ ዋጋ ይከፍላል። አቅም የሌለው ሰው ጨለማ እንዳይቀመጥ ታስቦ ነው። አጠቃቀማችሁ በጨመረ ቁጥር የሚቀጥለው እርከን እየተወደደ ይሄዳል።»

ነገሩን በእኛ ቋንቋ ላስረዳችሁ። ሚኒባስ ውስጥ ቀድመው የገቡት በርካሽ ይሄዳሉ እንበል። መሃል የገቡት ትንሽ ይጨምራሉ። መጨረሻ ላይ ተጠቅጥቆ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ በሩን በጀርባው የዘጋው ሰው ከሁሉም በላይ ይከፍላል። እንግዲህ ያ ተጠቅጥቆ የገባው የእኛ የመጨረሻው ኪሎዋት ነው።

ከሱሉልታ የመጡ አንድ ቀጭን ሰውዬ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ በአንድ ቤት ስንት ሰው እንደሚኖር ታውቃላችሁ?»

«እሱን አናይም። እኛ የምናየው ቆጣሪውን ነው» አለች።

መብረቅ መታኝ! ብድግ አልኩ። ሱሪዬ ላይ ያለችው መርፌ ቁልፍ ተፈታች፤ ማን ይጨነቅላታል! ለነሱ እኛ ስድስት አባወራ አይደለንም ማለት ነው! በነሱ ዓይን እኛ ስድስት ምድጃ በአንዴ የሚጥድ፣ ስድስት ቴሌቪዥን በአንዴ የሚያይ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ለመዝናኛው ጫጩት የሚያስፈለፍል፣ ስሙ ቶሎሳ የሚባል አንድ ቀበጥ ሀብታም ነን! ስድስታችንም ለየብቻ ብንሆን ታችኛው እርከን ላይ ቁጭ የምንል ሰዎች፣ ተደምረን ጣሪያው ላይ ወጥተን ቆመናል። የዘይነባ ሳጥን ምን አደረገች? የመጨረሻዋ ተሳፋሪ ሆና በሩን ዘጋች እንጂ!

«ዘይነባ፣ ገባኝ! ተገላገልሽ!» አልኳት።

«ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ሱሪዎን» አለችኝ።

ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ሌላውን አወጣሁ። ሰብሳቢው ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ነው የሰጡት። ማይኩ ደረሰኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

እንግዲህ ታውቁታላችሁ፣ እኛ አገር ስብሰባ ላይ ሰው ዘሎ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ነውር ነው። «በቅድሚያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ» አልኩ። ከዚያ ሰብሳቢውን አመሰገንኩ። ባለሙያዋን አመሰገንኩ፤ ወላጆቿንም። አዳራሹን የፈቀደውን ጽሕፈት ቤት አመሰገንኩ። ከቡራዩና ከሱሉልታ ድረስ የመጡትን እንግዶች አመሰገንኩ፤ ቡራዩን አንስቼ ገላንን ብዘል ቅር ይላቸዋል ብዬ ያልመጡትን የገላን ሰዎችም አመሰገንኩ። ሰንዳፋን ላመሰግን አፌን ስከፍት ሰብሳቢው በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን መቱ።

«አባት፣ ሰዓትዎ አልቋል።»

«ኧረ ገና አልጀመርኩም!»

«እናመሰግናለን። እንግዲህ ከሰበታ የመጡት አባት ለቀረበው የታሪፍ ሐሳብ ያላቸውን ጥልቅ ምስጋና ገልጸዋል። እንደ ድጋፍ ወስደነዋል።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ማይኩን ከእጄ ወሰዱት። አንዱ ክራቫት ዞሮ ጨበጠኝ። ተቀመጥኩ፤ ወንበሩ እንደገና ተንቋቋ። ዘይነባ አየችኝ። እናንተ፣ ያንን አስተያየት ጠላቴም አይየው።

«ጋሼ፣ አሁን ታሪፉን አስጨመሩብን አይደል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን ሆዴ አያሳልፈኝም። እሱን እያሰብኩ ሳለ ድርግም! መብራት ጠፋ።

 አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሱሉልታው ሰውዬ በጨለማ ውስጥ «ይቺስ ስንተኛው እርከን ናት?» ሲሉ ክራቫቶቹ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ያዙ። ጄነሬተር ይነሳ ተባለ፤ ጄነሬተሩ ነዳጅ የለውም ተባለ። መጋረጃ ተገለጠ፤ በመስኮት በገባው ብርሃን የሰብሳቢውን ላብ አየነው።

«ማይክ ስለሌለ» አሉ ሰብሳቢው፣ «ያለ ማይክ የሚሰማ ድምፅ ያለው ሰው ካለ እንቀጥል።»

የሰበታ ሰው በሙሉ እጁን ወደ እኔ ቀሰረ። ተራው ደገመኝ! ዕድል ሁለት ጊዜ ትመጣለች ሲሉኝ አላምንም ነበር። ተነሳሁ። አሁን ምስጋና የለም፣ ቀጥታ ወደ ጉዳዩ! አፌን ስከፍት ዘይነባ ኮቴን ጎተተችኝ። ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋለች።

«ስንዱ ናት! እኛም ግቢ ጠፍቷል! ጋሼ፣ እንቁላሎቼ!»

እንግዲህ ፍረዱ። ሙሉ አዳራሽ እኔን ሊሰማ ጆሮውን አቁሟል። ይሄ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? በሌላ በኩል ገና ያልተወለደ ፍጥረት እየቀዘቀዘ ነው። ደግሞ ነይ ብዬ የጎተትኳት እኔ።

«ስድስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ነው የምንኖረው!» ብዬ ጮህኩ፤ መስኮቱ ነዘረ። «በቆጣሪው እንደ አንድ ሀብታም አትቁጠሩን፤ በቤታችን ቁጠሩን! ይቅርታ፣ ጫጩቶቻችንን እየበረዳቸው ነው፤ ደህና ዋሉ!»

ሮጥኩ። ከኋላዬ ጭብጨባው ሲፈነዳ ይሰማኛል፤ መለስ ብዬ እጅ ልነሳ ፈልጌ ነበር፤ ሱሪው አልፈቀደም። በሩ ላይ ባለሙያዋ እየሮጠች ደረሰችብን።

«አባባ! ያነሱትን ይዤዋለሁ፣ ለውሳኔው ይቀርባል። እስከዚያው ግን የቤቱ ባለቤት ከፈቀዱ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ቆጣሪ መጠየቅ ይችላል። ያኔ ሁላችሁም ከታችኛው እርከን ትጀምራላችሁ!»

«የቤቱ ባለቤት ከፈቀዱ» የሚለውን ስሰማ ደስታዬ አንድ እርከን ወረደ።

ባጃጅ ውስጥ ዘለን ገባን። «ፍጠን! ሊፈለፈሉ ነው» ለማለት ትንፋሽ አጥሮኝ «ፍጠን፣ ሊወለዱ ነው!» አልኩት። ሹፌሩ ዘይነባን አየ፤ እኔን አየ፤ ራሱን ነቀነቀ።

«ፋዘር፣ መንታ ነው?»

«ከመንታም በላይ ነው!»

ከዚያ ወዲያ ያ ሰው መንገድ አልያዘም፣ አየር ነው የያዘው። ጉድጓድ ሲደርስ ወደ ዘይነባ እየዞረ «አይዞሽ እህቴ፣ ተንፍሺ» ይላል። እሷ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ትስቃለች ወይስ ታለቅሳለች፣ አልለየሁም። ግቢያችን በር ላይ ስንወርድ «ሂሳብ አልቀበልም፣ ለአራስ መጠየቂያ ይሁን» ብሎን ሄደ።

ግቢው ውስጥ ስንዱ በሰሃን ከሰል እያራገበች ናት፤ ማንቆርቆሪያው ተጥዷል። የዘይነባ በር ተከፍቷል። የሞቀ ውሃ የተሞሉ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ሳጥኗ ውስጥ ገብተዋል፤ በላይዋ ላይ የእኛ ብርድ ልብስ፣ የስንዱ ሹራብና እኔ ለገና የማወጣው ካፖርት ተከምረዋል።

ዘይነባ ብርድ ልብሱን ገልጣ ቆጠረችና «መሰንጠቅ የጀመሩት የሉም! ስንዱ፣ የት ሄዱ?» አለች።

ስንዱ በአገጯ ወደ ማዕዘኑ አመለከተች።

ኦቦ ቶሎሳ በርጩማ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከዘራቸው መሬት ላይ ወድቋል።

«ከሰሉን እስካያይዝ ያዙልኝ ብዬ ነው እንቁላሎቹን የሰጠኋቸው» አለች ስንዱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከሰሉ ተያያዘ፣ ውሃው ፈላ፣ አልመልስም አሉ።»

ጠጋ አልኩ። «ኦቦ፣ አካም ጅርቱ? ደህና ነዎት?»

«ጨሊሳ! ዝም በል! አንዱ እየተንቀሳቀሰ ነው።»

ዝም አልኩ። በራሴ ጊዜ አይደለም፣ ታዝዤ ነው። ቆይተው ራሳቸው አንገታቸውን ሳያዞሩ ጠየቁኝ።

«እህስ፣ ታሪፉን አስቀነስክ?»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ አወራሁ። «አልቀነሰም፣ ኦቦ። ግን ጉዳዩን አገኘሁት። የሚያዩት ቆጣሪውን ብቻ ነው። ስለዚህ ለነሱ እርስዎ ስድስት ምድጃ የሚያነዱ ከበርቴ ነዎት።»

«እኔ? እኔ ያለኝ አንድ ሬዲዮና አንድ አምፖል!»

«ቆጣሪው ግን የሚያውቀው የእርስዎን ስም ነው። ለዘይነባ ለብቻዋ ቆጣሪ ቢገባላት፣ ዋጋው በእርከን ስለሆነ እሷም ከታችኛው እርከን ትጀምራለች፣ እኛም ከላይ እንወርዳለን። እርስዎ ከፈቀዱ።»

ኦቦ ቶሎሳ ግድግዳውን አዩ። ምን እንደሚያስቡ ግቢው ሁሉ ያውቃል። በሰፈራችን ተከራይ ቆጣሪ ካስገባ ነገ ቤቱም የእኔ ነው ይላል የሚል ወሬ አለ። እንዲህ ያለውን ወሬ ከጠዋት እስከ ማታ አጥራቸው ሥር እየተቀመጡ የሚያወሩላቸው አሉ።

ዘይነባ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። «ኦቦ፣ በእርስዎ ስም ይግባ። እኔ ስም አልፈለግኩም። ሙቀት ነው የፈለግኩት።»

 ያን ጊዜ ከጋቢው ውስጥ «ጭው» የሚል ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የተቆጣ፣ ማነው እዚህ ያመጣኝ የሚል። ኦቦ ቶሎሳ ደነገጡ። የጋቢያቸውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ገለጥ አድርገው ወደ ውስጥ አዩ።

«ምን ሆኖ ነው እርጥብ የሆነው? አመመው?»

«ሲወለዱ እንዲህ ናቸው፣ ኦቦ። ከሞቀው ይደርቃል» አለች ዘይነባ።

«ካልሞቀውስ?»

ዘይነባ የጠፋችውን የሳጥኗን አምፖል አየች። ኦቦ ቶሎሳ ጋቢውን መልሰው ከደኑ። 

«ቶሌ» አሉ በመጨረሻ። «ይግባላት። ለብቻዋ።»

ዘይነባ ጉልበታቸውን ልትስም ስታጎነብስ «ቀስ! ቀስ! እንቁላሉን!» ብለው ጮሁባት። እኔም ዕድሌን ልሞክር ብዬ «ኦቦ፣ ለሁላችንም ቢሆን እኮ...» ስል፣

«አንተን ዝም በል አላልኩህም?»

በዚህ መሃል ድንገት አምፖሎቹ ቦግ አሉ። «መጣ!» አለ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ። የሳጥኗ አምፖል በራች፤ የእኔም ምድጃ ጠዋት ሳላጠፋው ወጥቼ ኖሮ ያለ ሃፍረት መጋል ጀመረ፤ ስንዱ እየረገመችኝ ሮጠች። ዘይነባ ብርድ ልብሱንና ካፖርቱን ከማሽኗ ላይ አነሳች፤ ሙቀቱ እስኪስተካከል ጠብቃ ወደ ሽማግሌው እጇን ዘረጋች።

«ኦቦ፣ መብራት መጥቷል እኮ። ይስጡኝ፣ ልመልሳቸው።»

ኦቦ ቶሎሳ ንቅንቅ አላሉም። ከጋቢው ውስጥ ሁለተኛ «ጭው» ተሰማ።

«መብራቱ ይምጣ» አሉ። «እሱ በእርከን ነው የሚያሞቀው። እኔ ለሁሉም እኩል ነኝ።»